የሰኔ 30 ሂሳብ

በምሥራቃዊው የደቡብ ጎንደር ክፍል፣ በንፋስ መውጫና በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ በሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች፣ አርሶ አደሩ ከጓሮውና ከማሳው ውጭ የራሴ የሚለው ድርጅት ቢኖር በአብዛኛው የቀበሌው ሁለገብ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያቀርበው፣ እህል የሚገዛውና የሚሸጠው ይህ ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደር ሲሆን፣ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ አባሉም አንድ ዕጣ ይኑረው አሥር፣ ድምፁ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው የሚያቀርበውን የዓመት የሂሳብ ሪፖርት የማጽደቅም ሆነ የመመለስ ሥልጣኑ የአርሶ አደሩ ነው። ይሁን እንጂ ሪፖርቱ ሲቀርብ የሚነበበው ከመድረክ ነው፣ የሚጸድቀውም እጅ በማውጣት ነው፤ በስድስትና በሰባት አኃዝ የተጻፉ ቁጥሮችን አንድ ጊዜ በጆሮ ሰምቶ ማመዛዘን ደግሞ ለሠለጠነ የሂሳብ ሠራተኛም የሚቻል አይደለም።

አካባቢው ለመዝገብ እንግዳ ሆኖ አይደለም። ቤተልሔምን በድጓ፣ ዙር አምባን በዝማሬና መዋሥዕት ያስጠራው ጋይንት ለዘመናት ሊቅና ጸሐፊ ሲያወጣ የኖረ አገር ነው፤ በጎንደር ምድር የርስትና የጉልት ስጦታም ምስክር እየተቆጠረ በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። በእድርም ቢሆን ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች የሚሆኑት፣ ገንዘቡን የሚነካው ሰው መዝገቡን እንዳይነካ ነው፤ የሂሳብ ባለሙያዎች ይህንኑ ጥንቃቄ የሥራ ክፍፍል ይሉታል። የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተስፋፉት የመንደር ቁጠባና ብድር ቡድኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር የተጀመረ ዘዴ ይከተላሉ። የቡድኑ ገንዘብ የሚቀመጥበት ሳጥን ሦስት ቁልፍ አለው፣ ቁልፎቹን ሦስት አባላት ለየብቻ ይይዛሉ፤ ስብሰባው ሲያበቃ በሳጥኑ ውስጥ የቀረው ገንዘብ ጮክ ተብሎ ይነገራል፣ በሚቀጥለው ስብሰባም ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት አባላቱ ያንኑ ቁጥር ያስታውሳሉ። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ሂሳብ የምትመረምርበት በመሆኑ ይህ ሥርዓት ከብዙ ቢሮ መዝገብ ይበልጣል።

ነገር ግን እድሩም ሆነ ሳጥኑ በዋነኛነት የሚቆጥሩት የገባና የወጣ ጥሬ ገንዘብን ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር በመጋዘን እህልና ማዳበሪያ፣ በሰው እጅ ዱቤ፣ በባንክ ብድር ስላለበት፣ የገንዘብ መዝገብ ብቻውን እውነቱን አይናገርም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚያገለግለው ባለ ሁለት ምዝገባ የሂሳብ አያያዝ ነው፤ የጣሊያን ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን ይህን ዘዴ ሉካ ፓቺዮሊ የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ በታተመ መጽሐፉ አብራርቶታል። መሠረቱም እያንዳንዱ ክንውን በሁለት ቦታ መጻፉ ነው፤ ማኅበሩ በጥሬ ገንዘብ እህል ሲገዛ የእህል ክምችቱ በዴቢት ይጨምራል፣ ጥሬ ገንዘቡ በክሬዲት ይቀንሳል፣ የሁለቱ ወገን ድምርም ምንጊዜም እኩል ይሆናል። ድምሩ እኩል መሆኑ ስሌቱ አለመዛነፉን ያሳያል እንጂ መዝገቡ ሐቀኛ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ያልተገዛ እህልም በሁለት ቦታ ተጽፎ ሊመጣጠን ይችላል።

ለማስረዳት እንዲቀል በድፍን ቁጥሮች አንድ ምናባዊ ማኅበር ይታሰብ። ዓመቱን ሲጀምር 400,000 ብር ጥሬ ገንዘብና 300,000 ብር የሚያወጣ መጋዘን አለው፣ ዕዳ ግን የለበትም። ከባንክ 600,000 ብር ተበድሮ በጥር 200 ኩንታል ስንዴ በ5,000 ብር ሒሳብ ይገዛል፤ 150ውን ኩንታል በ5,800 ብር ሲሸጥ ከጠቅላላው 870,000 ብር ውስጥ 570,000ውን በእጁ ይቀበልና 300,000ውን ለአንድ ነጋዴ በዱቤ ይለቃል። ለማጓጓዣ፣ ለጆንያና ለዘበኛ 45,000 ብር፣ ለወለድ 40,000 ብር ይከፍላል፤ መጋዘኑ በዓመቱ ያረጀበት ዋጋ፣ ማለትም የእርጅና ቅናሹ፣ 15,000 ብር ነው።

የመጀመሪያው ሰነድ፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው፣ ዓመቱ ምን እንዳፈራ ያሳያል። ከ870,000 ብር ሽያጭ ላይ የተሸጠው ስንዴ የተገዛበት 750,000 ብር ሲነሣ ያልተጣራው ትርፍ 120,000 ብር፣ ወጪው፣ ወለዱና የእርጅና ቅናሹ ሲነሡ ደግሞ የተጣራው ትርፍ 20,000 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ አድማጭ የሚስተው ነገር፣ በዱቤ የተለቀቀው 300,000 ብር ገና ሳይሰበሰብ እንደ ሽያጭ መቆጠሩ ነው፤ ነጋዴው ቢጠፋ 20,000 ብር ትርፍ ያለው ሪፖርት 280,000 ብር ኪሳራ ያለው ሪፖርት ይሆናል። የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ይህን ክፍተት ያጋልጣል፤ የገባው ብር 400,000 መነሻ፣ 600,000 ብድርና 570,000 ሽያጭ፣ የወጣው 1,000,000 የስንዴ ግዥ፣ 45,000 ወጪና 40,000 ወለድ ስለሆነ በእጅ የሚቀረው 485,000 ብር ነው። ማኅበሩ አትርፏል፣ ነገር ግን በእጁ ባለው ገንዘብ የባንኩን 600,000 ብር መመለስ አይችልም። ትርፍ አለ ተብሎ የትርፍ ድርሻ ለምን እንደማይከፈል ግራ የሚገባው አባል መልሱን የሚያገኘው፣ ለመጠባበቂያ ከሚቀነሰው ገንዘብ ቀጥሎ፣ በትርፉና በጥሬ ገንዘቡ ቁጥሮች መካከል ነው።

ሦስተኛው የሀብትና ዕዳ መግለጫ ሲሆን፣ ማኅበሩ በአንድ ቀን ያለበትን ሁኔታ ያሳያል፤ ጥሬ ገንዘብ 485,000፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ 300,000፣ በመጋዘን የቀረው 50 ኩንታል 250,000፣ መጋዘኑ 285,000፣ በድምሩ 1,320,000 ብር ሀብት፤ በሌላው ወገን 600,000 ብር ዕዳና 720,000 ብር ካፒታል። ካፒታል ማለት ሀብቱ ሁሉ ተሸጦ ዕዳው ሁሉ ቢከፈል ለአባላቱ የሚተርፈው ነው፤ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ በየአገሩ የአምራቾች ማኅበራት ሲፈርሱ፣ በሬና ንብረት ሲከፋፈል ያየ ሽማግሌ ነገሩን ከማንም በላይ ይረዳዋል።

መግለጫው የሚያሳየው ያ አንድ ቀን ደግሞ በዘፈቀደ የሚመረጥ አይደለም። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ መዝገብ የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ይህ ወቅት በጋይንት ደጋ ገብስና ስንዴ የሚዘራበት፣ በቆላው የጤፍ ማሳ የሚለሰልስበት፣ ማዳበሪያ ከመጋዘን የሚወጣበት፣ በአንጻሩ በጥርና በየካቲት የተገዛው እህል የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በሰኔ 30 ሂሳብ ላይ ያልተከፈለ የማዳበሪያ ዕዳና ያልተሰበሰበ ዱቤ ገዝፈው፣ የእህል ክምችት ሳስቶ ቢታይ፣ ማኅበሩ ከስሯል ማለት ላይሆን ይችላል፤ የወቅቱ መልክ ነው። የሚያስፈራው ያው ተሰብሳቢ ሂሳብ ካምናው ሰኔ 30 ጋር ሲነጻጸር በእጥፍ አድጎ፣ ስም በስም ሲታይም የአምናዎቹ ተበዳሪዎች እዚያው ሲገኙ ነው። በዚህ ምክንያት የአምናው ቁጥር ከዘንድሮው ጎን ያልተጻፈበት ሪፖርት ባይጸድቅ ይሻላል፤ የታኅሣሥ መጨረሻ የግማሽ ዓመት ሂሳብም አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ዕዳ መመለሱን ስለሚያሳይ፣ ለአርሶ አደር ማኅበር ከሰኔው የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ቁጥሩ የሚታመነው ከሥሩ ባለው ወረቀት ልክ ነው። ንብረት ሲገባና ሲወጣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሞዴል 19ና ሞዴል 22፣ ገንዘብ ሲገባ ሞዴል 64 እንደሚቆረጠው ሁሉ፣ በማኅበርም ገቢው በተከታታይ ቁጥር በታተመ ደረሰኝ፣ መጋዘኑ በስቶክ ካርድ ይያዛል። በሰኔ 30 የሚደረገው ቆጠራ ከካርዱ ጋር ካልተስማማ፣ ነቀዝ የበላው፣ በሚዛን የጎደለውና የተሰረቀው ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ በጅምላ «ብክነት» የሚል አንድ መስመር ግን የማኅበሩን የቁጥጥር ኮሚቴ ሊያስጠይቅ ይገባዋል። የባንክ ስቴትመንቱም ከመዝገቡ ጋር ወር በወር ይታረቃል።

ከሁሉም በኋላ የሚመጣው ኦዲተሩ፣ በሪፖርቱ ፊት ላይ አስተያየቱን ይጽፋል። ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ሂሳቡ ጉልህ ስሕተት እንደሌለበት ይመሰክራል እንጂ ማኅበሩ አትራፊ ነው አይልም፤ «ከዚህ በስተቀር» ብሎ የሚቀጥል አስተያየት ከሆነ ደግሞ ከዚያች ቃል በኋላ ያለው ዐረፍተ ነገር፣ ብዙ ጊዜ ያልተቆጠረ ክምችት ወይም ማረጋገጫ ያጣ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ከትርፉ ቁጥር ቀድሞ መነበብ ያለበት ነው። ኦዲቱ አንድ ሁለት ዓመት ከዘገየ፣ ጉባኤው በዚያ ጊዜ የሚሰማው ዱቤ ወይ ተከፍሏል፣ ወይ ተበዳሪው አገር ለቋል።