የመንገድ ዳር ዋሻ፦ ነአኩቶ ለአብ እና የላስታ ጎብኚዎች

ላሊበላን ጎብኝተው የተመለሱ ሰዎች የነአኩቶ ለአብን የዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ በወሬያቸው መጨረሻ ላይ ነው፤ በረራው እስኪደርስ ጎራ ብለው አይተውት ይሆናል። ዋሻው ከከተማው በስተደቡብ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። እንግዳ የሚያገኘው በዚሁ የተነሳ ነው፤ እንግዳው ሰዓቱን እያየ የሚቸኩለውም በዚሁ የተነሳ ነው። የላስታ ቅርሶች ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት ያዩትን ጎብኚ ላሰበ፣ ከዕድሜያቸውም ከውበታቸውም በላይ ዕጣቸውን የወሰነው መንገድ ነው።

በበቅሎ ዘመን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ወደ ላስታ የዘለቀው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ብቻ ጽፎ አላለፈም፤ ይምርሐነ ክርስቶስንም አይቶ ገልጾታል። ሳምንታት ለተጓዘ ሰው አንድ ቀን መጨመር ምኑም አይደል። ይምርሐነ ክርስቶስ በሰፊ ዋሻ ውስጥ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ በአክሱም ዘዴ ያነጹት፣ ከላሊበላ የሚቀድም ሕንፃ ነው፤ ከጀርባው የብዙ ምእመናን አስከሬን ተከማችቶ ይታያል። ለእኔ ከአካባቢው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ዳሩ ግን ያለው በሌላ አቅጣጫ፣ በሰሜን በኩል ራቅ ብሎ ስለሆነ ሁለት ሌሊት ብቻ የሚያድር ቱሪስት ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

ለውጡ የመጣው ከአውሮፕላኑ ጋር ነው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ በበጋ ብቻ በሚያገለግል የአፈር ሜዳ ላይ አውሮፕላን ያርፍ ጀመር፤ ሰባት ወይራ ሆቴል እንግዳ መቀበል ጀመረ፤ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የሚመሩት ጥገናም ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1978 አብያተ ክርስቲያናቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ የተመዘገቡት በከተማው ያሉት 11ዱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ «አሥራ አንዱ» የሚለው ቁጥር አጥር ሆነ። የከተማው ትኬት ለ11ዱ ብቻ ይሠራል፤ ከከተማው ውጭ ያሉት ግን፣ ነአኩቶ ለአብም ሆነ አሸተን ማርያም፣ ገነተ ማርያምም ሆነ ንቦች ከግድግዳው ቀፎ ሠርተው የሚኖሩበት ብልባላ ጊዮርጊስ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ያስከፍላል። በዚህ ቅር የሚለው ጎብኚ ብዙ ነው። እኔ አልፈርድበትም፤ ግን ያ ገንዘብ ለእነዚህ ደብሮች ከእንግዳ የሚደርሳቸው ዋናው ገቢ መሆኑን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ደግ ነበር።

ነአኩቶ ለአብ ዘንድ መጀመሪያ የሚሰማው ውኃው ነው። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ እያለ፣ በዕድሜ ብዛት በተቦረቦሩ የድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ በጋ ክረምት አይቋረጥም ይላሉ ካህናቱ፣ ለምእመናንም ጸበል ነው። ቤተ መቅደሱ ትንሽ ነው፤ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን አይቶ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ «ይኸው ነው እንዴ?» ያሰኛል። ከዚያ ቄሱ ከጨርቅ እየፈቱ መስቀሉን፣ የብራናውን መጽሐፍ፣ ሥዕሉን አንድ በአንድ ያወጣሉ። ብራናው የሚገለጠው በባዶ እጅ ነው፤ ካሜራው ብልጭ ይላል፤ ቀጣዩ ቡድን በር ላይ ይጠብቃል።

የዋሻው ባለቤት ታሪክ ራሱ ለግማሽ ሰዓት ጉብኝት አይበቃም። እንደ ትውፊቱ ነአኩቶ ለአብ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነው። ላሊበላ በንግሥት መስቀል ክብራ ምክር ዙፋኑን ለቆለት፣ 18 ወር እንደነገሠ የንጉሡ ወታደሮች የአንድ ድሃ ገበሬ ብቸኛ ላም ነጥቀው ለንጉሡ ማዕድ አረዱ፤ ይህን የሰማችው ንግሥት ላሊበላ ዙፋኑን መልሶ እንዲይዝ አደረገች ይባላል። ለአስጎብኚ ከዚህ የሚሻል ወሬ የለም፤ ብዙ ቡድን ግን ሳይሰማው ይሄዳል።

ዕቃን ለእንግዳ ማውጣትም ስጋት አለው። በ1989 ዓ.ም. ከ11ዱ አንዱ ከሆነው ከቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ለአንድ ቤልጂጋዊ ሰብሳቢ ተሸጦ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው የተመለሰው። በከተማው መካከል፣ ያ ሁሉ ሰው እያለ እንዲህ ከሆነ፣ በገደል ሥር ያሉ ደብሮች ካህናት ለዕቃቸው ቢሳሱ አይገርምም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌላ ዓይነት ጎብኚ ብቅ አለ። ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ድርጅት በመቄት ወረዳ ገበሬዎች መንደር ማደሪያ እየሠራ፣ እንግዳውን በእግሩ ከመንደር መንደር ይወስደው ጀመር። ይህ እንግዳ በመኪና አይዞርም፤ በአምባው ላይ ያድራል፣ ከሰው ጋር ይበላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በከተማው ጫፍ ቤን አበባ የሚባለው ምግብ ቤት በአንዲት ስኮትላንዳዊትና በኢትዮጵያዊ ሸሪካቸው ተከፈተ። ጠመዝማዛ መወጣጫዎቹና በገደሉ ላይ የተንጠለጠሉ ሰገነቶቹ ራሳቸው መስህብ ሆኑ፤ ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ብቻ የሚመጣ አለ። አንዳንዱ ይህን እንደ ድፍረት ያየዋል። እኔ ግን፣ በላስታ ገደል ላይ አዲስ ነገር ለመሥራት የደፈረ ሰው መገኘቱ ደስ ይለኛል።

ከዚያ የመጣው ችግር ተደራረበ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በከተማው አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት ከለላ ጣሪያዎች ጉዳይ በ2011 መግቢያ ሕዝቡን ለሰልፍ አስወጣ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው የጥገና ድጋፍ ቃል ገቡ። በ2012 ኮሮና መጣ፤ በሐምሌ 2013 ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮም የአማራ ክልል ግጭት በረራውንም መንገዱንም ይዘጋ ይከፍት ያዘ። አስጎብኚውም አልጋ የሚያከራየውም ሥራ ፈታ።

የውጭ አገር ጎብኚ ሲጠፋ ዋሻው ባዶ አልቀረም። ለገና ወደ ላሊበላ የሚተመው ምእመን ትኬትም በረራም አይጠብቅም፤ የነአኩቶ ለአብ በዓል ኅዳር 3 ሲሆን የአካባቢው ሰው ጸበሉን ሊጠጣ ይወርዳል። የቅርስ ጥገና ገንዘብ ግን ዛሬም የሚከተለው መዝገቡን ነው፣ መዝገቡም 11 ይላል። ብራናው በባዶ እጅ እየተገለጠ መቀጠል ካልፈለግን፣ የሚቀጥለው ድጋፍ ሲመጣ በከተማው ጫፍ ሳይቆም እነዚህን 7 ኪሎ ሜትር ወርዶ እንዲደርስ ከአሁኑ መጠየቅ የሀገረ ስብከቱና የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሥራ ነው።