ለረጅም የሞተር ሳይክል ጉዞ የሚያዝ የመፍቻ ጥቅል

ተሟልቶ የሚሸጥ የመፍቻ ሳጥን ለጋራዥ የታሰበ ነው፤ በውስጡ ካሉት መፍቻዎች ብዙዎቹ በአንድ ሞተር ላይ የሚገጥሙበት ዳዶ የሌላቸው ሲሆኑ፣ የኋላ ጎማውን የሚያስለቅቀው ትልቅ መፍቻ ግን ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ይታጣል። ስለዚህ ተጓዡ ምርጫውን ከራሱ ሞተር ብሎኖች መጀመር አለበት። በጃፓን ሥሪቶች ላይ 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ሚሊ ሜትር መፍቻዎች ሲበዙ፣ በአውሮፓ ሥሪቶች ላይ በ12 ፈንታ 13 ይዘወተራል፤ የአክስሉ፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበት ዘንግ፣ ዳዶ ግን ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ አስቀድሞ ሊለካ ይገባል። አስተማማኙ ፈተና ከጉዞው በፊት ጎማ ማውጣቱንም፣ ሰንሰለት ማጥበቁንም፣ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ክፍል) መቀየሩንም በጥቅሉ ባሉት መሣሪያዎች ብቻ ሠርቶ ማየት ነው፤ ሳይነካ የቀረው ይወጣል፣ ከጎረቤት የተለመነው ይገባል።

ሰፊውን ቦታ መያዝ የሚገባው የጎማ ጥገና ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው በከተሞቹ ጎሚስታ ያገኛል፤ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ጎማው ቢተነፍስ ግን ተስፋው የያዘው ዕቃ ነው። ባለ ሽቦ ቸርኬ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ በከመነዳሪ፣ ማለትም በጎማው ውስጥ አየር በሚይዘው ስስ ላስቲክ፣ ስለሚሠሩ አጫጭር የጎማ መፈልቀቂያ ብረቶች፣ ልጣፍ፣ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና የእጅ ፓምፕ ያስፈልጓቸዋል። ማስቲሹ ተቀብቶ ለጥቂት ደቂቃዎች ካልደረቀ ልጣፉ በደንብ አይይዝም፤ በመንገድ ዳር ጥድፊያ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ፊቱ 21፣ ኋላው 18 ኢንች የሆነ ሞተር ያለው ተጓዥ የፊቱን ከመነዳሪ ብቻ ቢይዝ ቦታ ይቆጥባል፤ ጠባቡ የፊት ከመነዳሪ በኋላው ጎማ ገብቶ፣ በዝግታ ከተነዳ፣ እስከሚቀጥለው ከተማ ሊያደርስ ይችላል። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ከውጭ ወደ ቀዳዳው የሚወተፍ የላስቲክ ገመድና መወተፊያው ከፓምፑ ጋር ይበቃሉ።

ለሰንሰለት የሚያዘው መገጣጠሚያ ከሰንሰለቱ ቁጥር ጋር መስማማት አለበት፤ የ520 መገጣጠሚያ በ428 ሰንሰለት ላይ አይገባም። መገጣጠሚያውን የሚቆልፈው ክሊፕ ሲገጠም የተዘጋው ጫፉ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዞራል፤ ክፍቱ ጫፍ ከቀደመ በሚነካው ነገር ተገፍቶ ሊወልቅ ይችላል። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፊውዝ፣ ናስትሮና ጥቂት ሽቦ ከተጨመሩ በኋላ ሁሉም በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሞተሩ መሃል አቅራቢያ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ በጀርባ ቦርሳ መያዙ ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ አሽከርካሪው ቢወድቅ ብረቱ አከርካሪውን ሊጎዳው ይችላልና።