በዛፍ ላይ የሚኖረውን ኦርኪድ በቤት ውስጥ ስለ መያዝ

በቡና አገር ያደገ ሰው በዋንዛና በሰሳ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ ሥሩም እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚታየውን ተክል ሳያየው አይቀርም። ስሙን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ በጅምላ «ተቀጽላ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ይህ ተክል ተቀጽላ አለመሆኑን ማስረዳትና፣ በቤት ውስጥ ተይዞ እንዴት ሊያብብ እንደሚችል፣ ከተማርሁትም ከተሳሳትሁትም ተነሥቼ መግለጽ ነው።

ኦርኪድ የሚባለው ቤተ ሰብ በዓለም ላይ ከ25,000 በላይ ዓይነቶች አሉት፤ በአገራችን የታወቁትም ከ150 አያንሱም። ከፊሎቹ በመሬት ላይ ይበቅላሉ፤ ከፊሎቹ በዛፍ ላይ ይኖራሉ። እኔ የያዝሁት ከዛፍ ኗሪዎቹ አንዱን ነው፤ በሊቃውንት ዘንድ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ይባላል። አበባው ነጭ ኮከብ ይመስላል፤ ከኋላውም ወደ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ቀጭን ቱቦ ይንጠለጠላል፤ ማሩ ያለው በቱቦው መጨረሻ ነው። ሽታው የሚመጣው ከመሸ በኋላ ነው፤ ይኸውም ማሩን የሚቀስመው ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት በሌሊት ስለሚበር ነው። ይህን ተክል በመጀመሪያ በጽሑፍ የገለጸው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1850 ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከዴንድሮቢዩም ወገን ቆጥሮት ነበር። የሪሻር መጽሐፍ በአብዛኛው የተመሠረተው ካርቲን ዲሎንና ፔቲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በሰበሰቧቸው ተክሎች ላይ ነው፤ ሁለቱም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እዚሁ ሞተው ቀርተዋል።

እውነተኛው ተቀጽላ ሥሩን በዛፉ ቅርፊት ውስጥ አስገብቶ የዛፉን ውኃ ይወስዳል። ኦርኪድ ግን ዛፉን የሚፈልገው እንደ መደርደሪያ ብቻ ነው። ምግቡን በራሱ ቅጠል ያዘጋጃል፤ ውኃውን ከዝናብና ከጉም ያገኛል፤ የቀረውንም በቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ከተጠራቀመ ብስባሽ ይለቅማል። ይህን ለአንድ የሰፈራችን አዛውንት ሳስረዳ፣ «ልጄ፣ የዛፉን ወዝ ይጠጣል ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት ስገፍፈው የኖርሁት በከንቱ ነው እንግዲያ?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁላቸውም።

የተገፈፈው ቶሎ የሚተካ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላሳሰበ ነበር። የኦርኪድ ፍሬ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ እንደ ባቄላ ወይም እንደ ስንዴ ስንቅ ይዞ አይወጣም። ስለዚህ በዱር ውስጥ ለመብቀል ከአንድ ረቂቅ የሻጋታ ዓይነት ጋር መገናኘትና ከእርሱ መመገብ አለበት። ይህን እ.ኤ.አ. በ1899 የደረሰበት ፈረንሳዊው ኖኤል ቤርናር ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ስኳር ባለበት የረጋ ምግብ ላይ ያለ ሻጋታው ሊያበቅለው እንደሚቻል አሳየ፤ ዛሬ በየአገሩ የሚሸጠው ኦርኪድ የበዛው በዚህ መንገድ ነው። ቢሆንም ከፍሬ እስከ አበባ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ በጫካ ውስጥ ደግሞ ከብዙ ሺህ ፍሬ አንዱ ቢበቅል ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ለዕረፍት ወላጆቼ ዘንድ ሄጄ ሳለሁ፣ ነፋስ በጣለው ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ተክሎች አገኘሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የጎመን መደብ በየማታው አጠጣ ስለ ነበር፣ የመጀመሪያውን በወተት ቆርቆሮ ጥቁር ዐፈር ሞልቼ ተከልሁትና በየማታው አጠጣሁት። በሁለት ወር ውስጥ ሥሩ ቡናማ ሆኖ በሰበሰ፤ ቅጠሉም አንድ ባንድ ረገፈ። እናቴ «አንተ ልጅ፣ በውኃ ገደልኸው» አለችኝ፤ ልክ ነበረች። የዚህ ተክል ሥር እንደ ስፖንጅ በሆነ ነጭ ልባስ የተሸፈነ ነው። ልባሱ ዝናብ ሲመጣ ፈጥኖ ይመጥጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን አየር ማግኘት አለበት። ዐፈር ውስጥ ሲቀበር ይታፈናል።

ሁለተኛውን ሻካራ ቅርፊት ባለው የወይራ ጉማጅ ላይ በጥጥ ክር አስሬ፣ ፀሐይ ጧት ብቻ በምትገባበት መስኮት አጠገብ ሰቀልሁት። ጉማጅ ያላገኘ ሰው ብዙ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ውስጥ የከሰል ስብርባሪና የቅርፊት ቁራጭ አድርጎ ሊተክለው ይችላል። ውኃ መቼ እንደሚሰጥ ሥሩ ራሱ ይናገራል፤ ሲደርቅ እንደ ብር ይነጣል፤ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። ነጭ ሲሆን አጠጣለሁ፤ አረንጓዴ ሲሆን እጄን እሰበስባለሁ። ማጠጫው ጊዜ ጧት ነው፤ ማታ በቅጠሎቹ መካከል የቀረ ውኃ ልቡን ያበሰብሰዋልና። የዝናብ ውኃ ከቧንቧው ይሻላል።

ይህ ዓይነት በተፈጥሮ የሚኖረው በግምት ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ትንሽ ከፍ ስለምትል የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይከብደዋል። በእነዚህ ወራት ከመስኮቱ መስተዋት አርቀዋለሁ። ብርዱ ብቻ አይደለም፤ አየሩም ይደርቃል፤ ስለዚህ ከሥሩ ጠጠርና ውኃ የያዘ ሰሐን አስቀምጣለሁ። ማዳበሪያ በጥቅሉ ላይ ከተጻፈው ሩቡን ያህል አቅጥኖ በወር አንድ ጊዜ ቢሰጡት ይበቃል። ቅጠሉ ላይ ተባይ ሲታይ በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ነው።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለማይበላ ነገር?» ያለኝ የክፍል ጓደኛ አለ። ለኬክ የሚገባው ቫኒላ የኦርኪድ ፍሬ መሆኑን ስነግረው አላመነኝም። አበባውን በእጅ ማዳቀል በቀላሉ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1841 በሬዩኒዮን ደሴት ያሳየው ኤድሞን አልቢዩስ፣ በባርነት ይኖር የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

ይህን አንብቦ ኦርኪድ ለመያዝ የሚነሣ ቢኖር፣ በሕይወት ካለ ዛፍ ላይ እንዳይገፍፍ እለምነዋለሁ። ነፋስ በጣለው ወይም ለእርሻ በተቆረጠው ዛፍ ላይ የሚገኘው ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው፤ ያም ካልተነሣ መሬት ላይ መሞቱ አይቀርም። ወደ ውጭ አገር መላክ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ኦርኪዶችን ይጨምራልና።

የእኔው ተክል ባለፈው ክረምት ስድስት አበባ አወጣ። አብሮኝ የሚኖረው ተማሪ መብራት ካጠፋን በኋላ፣ «ማታ ማታ ሽቶ የምትቀባው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መብራቱን አብርቼ መስኮቱን አሳየሁት።