አንድ ደም፣ ሁለት ስም፤ ኬርን ወይስ ዌስቲ?

ቡችላ ሊገዛ የተነሣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በዐይኑ ነው። ኬርን ቴሪየርና ዌስት ሃይላንድ ኋይት ቴሪየር፣ ሰው በአጭሩ ዌስቲ የሚለው፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዐይን ወዴት እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው። ዌስቲው እንደ ባዘቶ ነጭ ነው፤ በዚያ ነጭ ፊት ላይ ጥቁር አፍንጫና ሁለት ጥቁር ዐይኖች ጎልተው ይታያሉ። የውሻ ምግብ ሻጮችም የውስኪ ነጋዴዎችም መልኩን ለንግድ ምልክት የመረጡት ልብ ስለሚሰርቅ ነው። ኬርኑ ግን ጠጉሩ የተንጨባረረ፣ መልኩ ስንዴማ ወይም አመድማ፣ ገና ከእንቅልፉ የተነሣ የሚመስል ውሻ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከመቶ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ከአንድ እናት በአንድ ቀን የሚወለዱ ወንድማማቾች ነበሩ። የለያቸው ቀለም ነው። በጠባይ ብዙ የማይለያዩ ሁለት ውሾችን በቀለም መምረጥ ስሕተት ነው እላለሁ። ቡችላ ወስዶ ለማሳደግ ላሰበ ቤተሰብ የሚሻለው ኬርኑ ነው፤ ለቤተሰቡ ኑሮ የሚተርፈው ልዩነት ያለው ከጠጉሩ ሥር፣ ቆዳው ላይ ነውና።

የሁለቱም አገር የስኮትላንድ ምዕራባዊ ተራሮችና እንደ ስካይ ያሉት ደሴቶች ናቸው። ቴሪየር የሚለው ስም መሬት ከሚለው የላቲን ቃል፣ ከ‹ቴራ› የመጣ ሲሆን ጉድጓድ ገብቶ የሚያድን ውሻ ማለት ነው። ኬርን ደግሞ በዚያ አገር ቋንቋ የድንጋይ ክምር ነው፤ ውሻው ቀበሮና ሌላም አውሬ ከተደበቀበት ክምር ውስጥ ሾልኮ እየገባ ያወጣ ስለነበር ስሙን ከሥራ ቦታው ወረሰ። በአንድ ውላጅ ውስጥ ቀይም፣ ግራጫም፣ ነጭም ቡችላ ይገኝ ነበር። በአርጋይል የፖልታሎክ ባላባት የነበሩት ኮሎኔል ኤድዋርድ ማልኮም ቀላ ያለ ውሻቸው ቀበሮ ተመስሎ በስሕተት በጥይት ስለተመታባቸው፣ ከዚያ ወዲያ ከሩቅ የሚለይ ነጭ ውሻ ብቻ ለማራባት ቆረጡ ተብሎ ይተረካል። የዘር መዝገቡ ለሁለቱም የየራሳቸውን ስም ከሰጠ በኋላ እንኳ ማዳቀሉ አልቆመም ነበር። በሩ የተዘጋው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917፣ በብሪታንያ ደግሞ በ1924 ነው፤ ያን ጊዜ የውሻ ዘር መዝጋቢዎቹ ክለቦች ከሁለቱ ድቅል የሚወለድን ቡችላ አንመዘግብም አሉ። ዛሬም የኬርን መለኪያ ሌላውን ቀለም ሁሉ ማለት ይቻላል ሲቀበል ነጩን አይቀበልም።

ስለ ጠባያቸው የሚነገረው ሁሉ ከዚያ ከድንጋዩ ክምር ሥር ይመነጫል። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በለንደን የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን፣ ውሻን በግቢ በር ጠባቂነቱ እያወቁ አድገው፣ አሁን ልጆቻቸው ‹ውሻ ግዙልን› እያሉ ሲወተውቷቸው ሳሎን ውስጥ የሚኖር ውሻ መምረጥ ግድ ሆኖባቸዋል። ለእነርሱ ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ጉድጓድ የገባ ውሻ ጌታው አያየውም፣ አያዝዘውም፤ ጨለማ ውስጥ ከሚናከስ አውሬ ጋር ተፋጥጦ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ራሱ ነው። ስለዚህ ሲጠሩት ቆም ብሎ ‹ልሂድ ወይስ አልሂድ› የሚል የሚመስለው ቴሪየር ደደብ አይደለም፤ ለዘመናት በራሱ እንዲወስን ሆኖ የተራባ ነው። ላዩ ላይ ያለው ሰው የት እንደሚቆፍር የሚያውቀው ደግሞ ከታች በሚሰማው ጩኸት ነበር። እንግዲህ ደወል በተደወለ፣ ፖስተኛ ባለፈ ቁጥር ለሚጮኸው ውሻ ጩኸቱ መደበኛ ሥራው ነው። የአበባ መደብ መቆፈሩም፣ ሽኮኮ ባየ ጊዜ ማሰሪያውን በጥሶ ለመሮጥ መታገሉም እንዲሁ። ዌስቲም ኬርንም በዚህ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ያለ ማሰሪያ በመንገድ ዳር አይታመኑም፤ ሁለቱም ከሰው ተነጥለው ቀኑን ሙሉ ከተዘጋባቸው ቤቱን ያተራምሳሉ። ጸጥተኛና ታዛዥ ውሻ የሚፈልግ ሰው ከሁለቱ የትኛውን ልውሰድ ብሎ ባይጨነቅ፣ ወደ ሌላ ዝርያ ቢሄድ ይሻለዋል።

ልዩነቱ የሚመጣው ቆዳ ላይ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ስለ አለርጂ የቆዳ ሕመም ሲጽፉ በግንባር ቀደምነት ከሚጠሯቸው ዝርያዎች አንዱ ዌስቲ ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚገልጠው ውሻው ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜው ነው፤ ማለትም ቡችላው ሲገዛ ምንም ምልክት የለበትም፤ ቤተሰቡ ከለመደው፣ ልጆቹም ከወደዱት በኋላ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚታየው ከእግሩ ነው። ውሻው ማታ ሰው ሲተኛ ጥግ ይዞ መዳፉን ይልሳል፤ ደጋግሞ፣ ሳያቋርጥ፣ የምላሱ ድምፅ እስኪሰማ። ምራቅ ውስጥ ያለው ቀለም ነጩን ጠጉር ያወይበዋልና በጥቂት ሳምንት ውስጥ በጣቶቹ መካከል ያለው ጠጉር እንደ ዛገ ብረት ይሆናል። ቀጥሎ ሆዱና ብብቱ ይቀላል፤ ጆሮው ይመረቅዛል፤ ፊቱን ምንጣፍ ላይ ይፈትጋል። በተጎዳው ቆዳ ላይ እርሾ መሰል ፈንገስ ሲራባ ቆዳው እየወፈረና እየጠቆረ፣ ቅባት ቅባት እየሸተተ ይሄዳል። መድኃኒት አለ፤ እንክብልም መርፌም ወጥቷል፤ በጥብቅ የተመረጠ ምግብ ለሁለት ወር ያህል ብቻውን እየሰጡ መንሥኤውን መፈተሽም ይቻላል። ይህ ሁሉ ግን ማስታገሻ እንጂ መንቀያ አይደለም፤ ውሻው በሕይወት እስካለ ይቀጥላል። የእንስሳት መድን ለመግባት ያሰበም፣ ብዙዎቹ ውሎች ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለታየ ሕመም እንደማይከፍሉ ማወቅ አለበት።

ከቆዳው ሌላ ሳንባው አለ። የሳንባ ጠባሳ የሚያስከትለውና እስከ ዛሬ ፈውስ ያልተገኘለት ሕመም ከሌሎች ዝርያዎች ይልቅ ዌስቲን ያጠቃል፤ ጉልማሳና አረጋዊ የሆነው ውሻ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፤ ሐኪሙ ሲያዳምጠው ደረቅ ቅጠል የሚረገጥ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ለንደን የሚገኘው የሮያል ቬተሪነሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በብሪታንያ የእንስሳት ክሊኒኮች መዝገብ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በየዓመቱ ከሚወለዱት ውሾች መካከል የዌስቲ ድርሻ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ1.69 በመቶ ወደ 0.52 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል። የውሻ ፋሽን ይመጣል ይሄዳልና ለዚህ ማሽቆልቆል ምክንያቱ የቆዳ ሕመሙ ብቻ ነው አልልም። ነጭነቱ ነው ያሳመመውም አልልም። አንድን ዝርያ ከዘመዶቹ ለይቶ መዝገቡን መዝጋት፣ ከጥቂት አባቶች ብቻ ማራባትና ገበያው ሲሞቅ ያገኙትን ሁሉ ማጋባት ግን የተሸሸገውን የዘር ጉድለት ማብዛቱ የታወቀ ነው። ኬርኑም በተዘጋ መዝገብ ውስጥ ነው ያደገው፤ ቆዳው ፈጽሞ አይታመምም ማለትም አይደለም። ሆኖም በቆዳና በሳንባ በሽታ ስሙ እንደ ነጩ ወንድሙ ጎልቶ አይነሣም።

‹ኬርንስ የራሱ በሽታ የለውም ወይ?› የሚል ሰው ትክክል ይጠይቃል። አለው። አንዳንድ የኬርን ቡችላዎች ወደ ጉበት መግባት የነበረበት ደም በሌላ ሥር ጉበትን አልፎ የሚሄድባቸው ሆነው ይወለዳሉ፤ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። የነርቭን ልባስ የሚያጠፋውና በሰው ላይ ክራቤ የሚባለው በሽታም በዘራቸው አለ፤ ይኸኛው ግን በዌስቲም ውስጥ በዚያው በአንድ ዘረመል ላይ በደረሰ በዚያው ጉድለት የሚመጣ ነው፤ አንድ ደም ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ሚዛኑን የሚያነሣው ግን የበሽታዎቹ ቁጥር አይደለም፤ ቀድሞ ማወቅ መቻሉ ነው። የጉበቱን ጉድለት ጠንቃቃ አርቢ ቡችላው ከመሸጡ በፊት በደም ምርመራ ሊያጣራው ይችላል፤ የነርቩን በሽታ ተሸካሚ የሆኑ ወላጆች በዘረመል ምርመራ ይለያሉ። ለቆዳ አለርጂ ግን በስምንት ሳምንት ቡችላ ላይ ተደርጎ ‹ይህ ይታመማል፣ ያ ይድናል› የሚል ምርመራ የለም። ገዢው የሚይዘው ነገር ቢኖር የወላጆቹንና የአያቶቹን ቆዳ ጠይቆ ማወቅ ብቻ ነው። እናቲቱን ‹አሁን እዚህ የለችም› ከሚል፣ ቡችላውን መኪና ማቆሚያ ላይ አገናኝቶ ከሚሸጥ ሰው ይህን ማወቅ አይቻልም።

ሌላው መከራከሪያ ዌስቲ ለሰው ይቀርባል፣ ኬርን ግን ግትር ነው የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ በአንድ ውላጅ ውስጥ እንኳ ደፋርና ዓይን አፋር አለና። ከዝርያው ስም ይልቅ ግን ቡችላው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስንት ሰው፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ድምፅ እንደለመደ ጠባዩን ይወስናል። ስለ ግትርነት ከተነሣ፣ በ1939 በወጣው ‹የኦዝ ጠንቋይ› ፊልም የዶሮቲ ውሻ ቶቶ ሆና የሠራችው ቴሪ ኬርን ነበረች፤ በፊልም ቀረጻ ግርግር መካከል የታዘዘችውን የምታደርግ ውሻ በተፈጥሮዋ የማትማር ናት ማለት አይቻልም። ቴሪየር በቁጣና በዱላ አይማርም፤ በትንሽ ቁራሽ ሥጋና በአጭር ልምምድ ግን ይማራል። ከልጅ ጋር መኖሩም ለሁለቱ እኩል ነው። ኬርን ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ተኩል፣ ዌስቲ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ሁለቱም እንደ አሻንጉሊት የሚሰበሩ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን ምግባቸው ላይ ሳሉ የሚነካቸውን ሕፃን በጥርስ ሊያስጠነቅቁ ይችላሉ። ከሕፃን ጋር ብቻቸውን አይተዉም።

ስለ ጠጉር ብዙ የሚባል የለም። የኬርን ጠጉር ላዩ ሻካራ፣ ሥሩ ለስላሳ ነው፤ በሳምንት አንዴ ማበጠርና በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል የሞተውን ጠጉር በጣት መንጨት ይበቃዋል። ዌስቲው ነጭነቱን እንዲጠብቅ መታጠብና መከርከም ይበዛበታል፤ ቆዳው ከታመመ ደግሞ እጥበቱም ሐኪም የሚያዝዘው ሕክምና ይሆናል።

የቀረው ከባድ ጥያቄ፣ ነጩን ውሻ ከልቡ የወደደ ሰው ምን ያድርግ የሚለው ነው። ይተወው አልልም፤ ቡችላውን ግን ይተወው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓመት በፊት ራሱን የሚገልጥ ከሆነ፣ አራት ወይም አምስት ዓመት የሆነው ዌስቲ ምስጢሩን አውጥቶ ጨርሷል። በአሜሪካም በእንግሊዝም ባለቤት ላጡ ውሾች ቤት የሚፈልጉ፣ በየዝርያው ሳይቀር የተደራጁ ማኅበራት አሉ፤ ጌታው የሞተበት፣ ቤተሰቡ የፈረሰበት፣ ዕቃ የማይበላና ቤት የለመደ ዌስቲ እዚያ ይገኛል። ሲሄዱ የሕክምና መዝገቡን ይጠይቁ። ጆሮውን ገልጠው ያሽትቱ፤ ሆዱን አገላብጠው ይዩ። ከዚያ መዳፉን ያንሡና በጣቶቹ መካከል ያለውን ጠጉር ይመልከቱ፤ እንደ ጀርባው ነጭ ከሆነ ይውሰዱት።