በደጋ አገር የጨረር መጠንን ስለ መለካት

በደቡብ ወሎ፣ በጃማ ወረዳ ደጎሎ የምትኖር አንዲት እናት የማኅፀን በር ካንሰር እንደያዛት ሲታወቅ ጨረር በተደጋጋሚ ያገኛታል። የደረት ራጅ በአቅራቢያዋ ትነሣ ይሆናል፤ ለሲቲ ስካን ወደ ደሴ ትላካለች፤ ለጨረር ሕክምናው ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ሊኖርባት ይችላል። የሦስቱ ልዩነት በመጠን ነው። አንድ የደረት ራጅ 0.02 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ የሆድ ሲቲ ስካን ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሚሊሲቨርት የሚደርስ ጨረር ይሰጣል። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በዓመት የሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። በሕክምናው ግን ዕጢውና አካባቢው በቀን 2 ግሬይ፣ በ25 ቀናት 50 ግሬይ ያህል ከውጭ ይቀበላሉ፤ በማኅፀን ውስጥ በሚገባ የጨረር ምንጭ የሚሰጠውም በዚህ ላይ ይጨመራል። ከዚህ ዝቅ ቢል ዕጢው ያገረሻል፤ ከፍ ቢል ፊኛና ደንዳኔ ይቆስላሉ። የተፈቀደው ስሕተት ጠባብ ስለሆነ፣ ዓለም አቀፉ የጨረር አሃዶችና ልኬቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ሰነድ ዕጢው የሚደርሰው መጠን ከታዘዘው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይርቅ መክሯል።

አንድ ግሬይ ማለት አንድ ኪሎ ግራም አካል አንድ ጁል ኃይል ሲቀበል ነው። ይህ በሙቀት ሲታሰብ ኢምንት ነው። መላ ሰውነትን ያገኘ 4 ግሬይ ሕክምና ካልተደረገለት ሰው ለመግደል የሚበቃ ሲሆን፣ የሰውነትን ሙቀት ከፍ የሚያደርገው ግን በአንድ ሺኛ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ብቻ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ጨረሩ በሕዋስ ውስጥ የዘር ቅንጣትን በመስበሩ እንጂ በማሞቁ አይደለም። ስለዚህ በሆስፒታል ውስጥ መጠኑ በቴርሞሜትር አይለካም፤ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ያ ምስክር በአብዛኛው አየር ነው። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው አዮናይዜሽን ቻምበር የተባለውንና ከጣት የማይበልጥ ባዶ ክፍል ያለውን መለኪያ በውኃ በተሞላ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ማሽኑን ያስነሣል። ጨረሩ በክፍሉ ያለውን አየር ሲያቋርጥ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነርሱ ተሰብስበው ይቆጠራሉ። ከቁጥሩ ተነሥቶም ማሽኑ በደቂቃ ስንት ግሬይ እንደሚሰጥ ይሰላል። ውኃው የሰውን ሥጋ ተክቶ ነው የሚቆመው።

የደጋው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የዚህ መለኪያ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ለአካባቢው አየር ክፍት ነው፤ መለኪያው የሚመዘነውና የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ደግሞ በባሕር ጠለል ግፊት፣ ማለትም በ101.3 ኪሎ ፓስካል፣ እና በ20 ዲግሪ ሙቀት ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። መካነ ሰላም በ2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ግፊቷ ከዚህም ትንሽ ይቀንሳል። የደጋ ባለ ሙያ ሴት ይህን ያለ መሣሪያ ታውቀዋለች፤ ባቄላው ከቆላው ይልቅ እሳት ላይ የሚቆይባት አየሩ ስስ በመሆኑ ውኃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ነው። በመለኪያው ክፍል ውስጥ ያለውም አየር እንዲሁ ስስ ነው። ጨረሩ ሳይቀንስ፣ የሚመሰክርለት አየር ግን በሩብ ያህል አንሷል።

ስለዚህ ንባቡ በግፊትና በሙቀት ማስተካከያ መባዛት አለበት። በአዲስ አበባ ይህ ማባዣ 1.3 ገደማ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ይሠራዋል። ቢዘነጋ ግን ባለሙያው ማሽኑ ከእውነተኛ ኃይሉ በሩብ ያህል የደከመ ይመስለዋል፤ ድካሙን ለማካካስም ሕመምተኛዋ በጨረሩ ሥር የምትቆይበትን ጊዜ ያራዝማል። 2 ግሬይ የታዘዘላት በቀን 2.6፣ 50 ግሬይ የታዘዘላት በድምሩ 65 ግሬይ ትቀበላለች። በየቀኑ የሚሰጠው ድርሻ ስላደገም በጤናማው አካል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከቁጥሩ ዕድገት ይበልጣል። ማሽኑ የሚያሰማው የማስጠንቀቂያ ድምፅ የለም፤ ሕመምተኛዋም በዕለቱ የሚሰማት ነገር አይኖርም። ደም መፍሰሱና ፊስቱላው የሚታየው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ፣ ምናልባትም ወደ ደጎሎ ከተመለሰች ወዲያ ነው።

ሌላም ረቂቅ ወጥመድ አለ። ባሮሜትር የሌለው ክፍል ግፊቱን ከሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያ ሊጠይቅ ይችላል። እነዚህ ተቋማት የሚያሳውቁት አኃዝ ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ በመሆኑ ለበረራና ለአየር ትንበያ ይጠቅማል፤ ለጨረር ልኬት ግን አደገኛ ነው። ይህን አኃዝ የተጠቀመ ባለሙያ ማስተካከያውን ሠርቻለሁ ብሎ እያመነ ጭራሽ እንዳልሠራ ይሆናል። በአንጻሩ የሙቀት ስሕተት ያን ያህል አያስፈራም፤ የ10 ዲግሪ ልዩነት ንባቡን የሚለውጠው በ3.4 በመቶ ነው። ቢሆንም በደጋ ማለዳ ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ መጠበቅ ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በኮባልት 60 ማሽን ተጀምሮ ለረጅም ዓመታት ብቸኛው ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ የሚቀንስ፣ ማለትም በየወሩ አንድ በመቶ ያህል የሚደክም ስለሆነ፣ የሕክምናው ደቂቃ በየጊዜው መታደስ ይኖርበታል። ምንጩ ሲለወጥ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ይለካል። በዚህ ቅጽበት የሚሠራ ስሕተት ምን እንደሚያስከትል ኮስታ ሪካ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1996 በሳን ሆሴ ከተማ በሳን ሁዋን ዴ ዲዮስ ሆስፒታል አዲስ የኮባልት ምንጭ ሲለካ 0.30 ደቂቃ፣ ማለትም 18 ሰከንድ፣ እንደ 30 ሰከንድ ተቆጠረ። 115 ሕመምተኞች ከታዘዘላቸው ከ50 እስከ 60 በመቶ የበለጠ መጠን ተቀበሉ፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። መሣሪያው አልተበላሸም ነበር።

እንዲህ ዓይነቱን ስሕተት ራሱ የሠራው ሰው ደጋግሞ ቢለካም ላያገኘው ይችላል፤ በዚያው የተሳሳተ አኃዝ ይደግመዋልና። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው የፖስታ ምርመራ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ሆስፒታሉ የሚላክለትን ትንሽ መለኪያ በውኃ ውስጥ አድርጎ 2 ግሬይ እንደሰጠው በማመን ያስጨርረዋል፤ ከዚያም መልሶ ይልካል። መለኪያው ቀድሞ የሊትየም ፍሎራይድ ዱቄት የያዘ እንክብል ነበር፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በልዩ መስታወት ተተክቷል። ዱቄቱም ሆነ መስታወቱ የአየር ግፊትን አያውቅም። ስለዚህ በደጋ ላይ የተረሳ ማባዣ ቢኖር ከ5 በመቶ ወሰን እጅግ ርቆ ወዲያው ይጋለጣል። ለደጋ አገር ከዚህ የተሻለ ርካሽ ምስክር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ጉዳዩ በምርመራው ራጅ ዘንድም አለ፤ መዘዙ ግን ቀለል ይላል። በአንዳንድ የራጅ ማሽኖች አፍ ላይ የሚገጠመው መለኪያም ክፍት የአየር ክፍል ነው። አንድ ዓይነት መለኪያ በደጎሎና በሰመራ ቢገጠም፣ ከግፊቱ ልዩነት ብቻ የደጎሎው በአንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ያነብባል። ይህ ሳይስተካከል የአገሪቱ ሆስፒታሎች ንባብ በአንድ ሠንጠረዥ ቢሰበሰብ፣ ደጋዎቹ ያላግባብ ቁጥብ፣ ቆላዎቹ ያላግባብ አባካኝ መስለው ይታያሉ። የሲቲ ስካን ስክሪን የሚያሳየው አኃዝ በየምርመራው የተለካ ሳይሆን ከማሽኑ መረጃ የተሰላ ስለሆነ፣ ባለሙያዎች በደረታቸው የሚያደርጉት መለኪያም በአየር ስለማይሠራ፣ በከፍታው አይነኩም።

ጨረርን የሚመለከተው ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ተጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 እስከ ታደሰበት ድረስ የሕመምተኛውን ደኅንነት የፈቃድ ባለቤቱ ኃላፊነት አድርጎ ይመለከታል። ወደ ጨረር ሕክምና ክፍል ለፍተሻ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው የግድግዳውን ውፍረት ብቻ ሳይሆን፣ በልኬት መዝገቡ ላይ በግፊት ዓምድ የተጻፈውን ቁጥር ነው። በአዲስ አበባ መዝገብ ላይ 101 የሚል ከተገኘ፣ የዚያን ዕለት ሕክምና ማቆም ይገባል።