ከሽታይንቬግ ወደ ስታይንዌይ፦ አንድ ስም፣ ሁለት አህጉር

የጀርመኑ ቤተሰብ አሜሪካ ገብቶ ስሙን ለወጠ። የጥንቱ ስም አገር ቤት በሌላ ቤተሰብ እጅ ቀረ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሁለቱ ስሞች ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ተገናኙ።

ስታይንዌይ ኤንድ ሰንስ የተባለው የፒያኖ ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1853 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። መጀመሪያ በ500 ዶላር የሸጠው ፒያኖ መለያ ቁጥር ግን 1 ሳይሆን 483 ነበር። ከዚያ በፊት ያሉት 482 የተቆጠሩት ጀርመን ውስጥ፣ መሥራቹ ሃይንሪሽ ኤንገልሃርድ ሽታይንቬግ ተብሎ ይጠራ በነበረበት ዘመን ነው። ሰውየው በአዲሱ አገር ስሙን ቢለውጥም ቆጠራውን ካቆመበት ቀጠለ።

መንገድ የሰጠው ስም

በጀርመንኛ ሽታይን ድንጋይ፣ ቬግ መንገድ ነው። በመካከለኛው ዘመን የከተማ መንገድ በአብዛኛው አፈር ስለነበር ዝናብ ሲጥል ጭቃው አያስኬድም። ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ «ሽታይንቬግ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ብራውንሽቫይግን ጨምሮ በብዙ የጀርመን ከተሞች ዛሬም በዚሁ ስም የሚታወቅ ጎዳና አለ። በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው የመንገዱን ስም ወሰደ።

የጀርመን የቤተሰብ ስም ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ሥር እየሰደደ የመጣ ነው። ከተሞች ሲሰፉ በየሰፈሩ ሃንስና ሃይንሪሽ በዛ፤ አንዱን ከሌላው መለየት ግድ ሆነ። አንዱ በሙያው ተጠራ፦ ሙለር ባለወፍጮ፣ ሽሚት ቀጥቃጭ፣ ሽናይደር ልብስ ሰፊ። ሌላው በመልኩ፣ በአባቱ ስም፣ በመጣበት አገር ወይም በሚኖርበት ቦታ ታወቀ። እኛ ዘንድ የአባት ስም ለልጅ ልጅ ሲደርስ የአያት ስም ይሆናል፤ ቀጥሎም ከመጠሪያነት ይወጣል። የጀርመኑ ስም ግን ከትውልድ ትውልድ ሳይነቀል ይወርዳል። ከ1876 ጀምሮ በመላው ጀርመን የክብር መዝገብ ሹም ይመዘግበው ስለጀመረ አጻጻፉም ጸና።

በወጥ ቤት የተሠራ ፒያኖ

ሃይንሪሽ በ1797 የተወለደው በሃርዝ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው ቮልፍስሃገን መንደር ነው። ዜሰን በምትባለው ትንሽ ከተማ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ሆኖ ሲኖር፣ በ1836 በቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ግራንድ ፒያኖ ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ ብራውንሽቫይግ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ፒያኖዎቹ ተሸለሙ።

ነገር ግን ጀርመን ያኔ አንድ አገር አልነበረችም። ዕቃ ከአንዱ ትንሽ መንግሥት ወደ ሌላው ሲሻገር ቀረጥ ይጠብቀዋል። የ1848ቱ አብዮት ሲጨመርበት ገበያው ይበልጥ ታወከ። በ1849 ልጁ ካርል አስቀድሞ አሜሪካ ገባ። በ1850 አባት፣ እናትና ሌሎቹ ልጆች ተከተሉት፤ የበኩር ልጁ ቴዎዶር ብቻ ዎርክሾፑን ይዞ ቀረ። በእነዚያ አሥር ዓመታት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጀርመናውያን አሜሪካ ገብተዋል። በአገሩ የተሸለመው ባለሙያና ልጆቹም የራሳቸውን ድርጅት እስኪከፍቱ ድረስ ለሦስት ዓመት ያህል በሰው ቤት ተቀጥረው ሠሩ።

ስሙን የለወጠው ማን ነው?

በአሜሪካ የስደተኛን ስም የለወጠው በኒው ዮርክ የስደተኞች መቀበያ በነበረው በኤሊስ ደሴት የሚሠራ ጸሐፊ ነው የሚል ወሬ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ኤሊስ ደሴት ግን የተከፈተው በ1892፣ የሽታይንቬግ ቤተሰብ ከገባ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። የተሳፋሪዎች ዝርዝርም ቢሆን የሚዘጋጀው መርከቡ በተነሣበት ወደብ ነበር። ሽሚት ስሚዝ፣ ሙለር ሚለር የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሰዎቹ ራሳቸው በሥራና በጉርብትና ምክንያት ስለለወጡት ነው።

እዚህም ያው ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ፒያኖ ትልቅ ስም ነበረው፤ እንግሊዝኛ የሚመስል መጠሪያም ለገዢው ጆሮ ይቀላል። ድርጅቱ ከመነሻው ስታይንዌይ ተባለ፤ ቤተሰቡ ስሙን በሕግ ያስለወጠው በ1864 ነው። ካርል ቻርልስ፣ ወንድሙ ቪልሄልም ዊልያም ሆነ።

ይሁን እንጂ ጀርመንነታቸው አብሮ አልተለወጠም። ዊልያም ከ1870 ጀምሮ ኒው ዮርክ አጠገብ ኩዊንስ ውስጥ ሰፊ መሬት ገዝቶ ፋብሪካ፣ የሠራተኛ ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መጻሕፍት ያሉት መንደር ሠራ፤ በትምህርት ቤቱ ጀርመንኛ ይሰጥ ነበር። ቁጥር 7 ባቡር ዛሬም በኢስት ሪቨር ሥር የሚያልፍበትን ዋሻ ያስጀመረው እሱ ነው፤ ዋሻው ለአገልግሎት የበቃው ግን እሱ ካረፈ በኋላ በ1915 ነው። በቤተሰቡ ስም የሚጠራው የአስቶሪያው ስታይንዌይ ጎዳና ዛሬ የግብፃውያንና የሌሎች ዐረቦች ካፌዎች ደምቀውበታል።

ደሙ ወዲያ፣ ስሙ ወዲህ

በ1865 ቻርልስና ወንድሙ ሄንሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ። ስለዚህ ቴዎዶር ጀርመን ይዞት የቀረውን የብራውንሽቫይግ ድርጅት ለቪልሄልም ግሮትሪያንና ለሁለት ሸሪኮቹ ሸጦ ኒው ዮርክ ገባ። ገዢዎቹም «የቴዎዶር ሽታይንቬግ ተተኪዎች» በሚል ስም ሥራውን ቀጠሉ። የግሮትሪያን ቤተሰብ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሽታይንቬግ የሚለውን ከራሱ የቤተሰብ ስም ጋር አጣመረ። ስታይንዌዮች ደግሞ በ1880 ሃምቡርግ ላይ ፋብሪካ ከፈቱ። የሽታይንቬግ ልጆች በእንግሊዝኛ ስማቸው አገራቸው ሲገቡ፣ የአባታቸው ስም በሌላ ቤተሰብ ፒያኖ ላይ ተጽፎ ይሸጥ ነበር።

ጉዳዩ በመጨረሻ አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1975 የሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የግሮትሪያን ፒያኖ በአሜሪካ ሽታይንቬግ በሚለው ስም እንዳይሸጥ ወሰነ። ገዢው ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ኋላ ቢረዳ እንኳ መጀመሪያ የሚስበው የስሙ መመሳሰል ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላው በላቡ ያፈራውን ዝና መውሰድ ነው የሚል ነበር ምክንያቱ። ውሳኔው በንግድ ምልክት ሕግ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ስሙን ያቆየው የተሸነፈበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፍርድ ቤቱ የመዘነው የስሙን ዕድሜ ሳይሆን ስሙ በገዢው ልብ ያገኘውን ቦታ ነው።

በ1972 ስታይንዌይ ለብሮድካስት ድርጅቱ ለሲቢኤስ ተሸጠ፤ የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ሄንሪ ዚ ስታይንዌይ እስከ 1977 በፕሬዚዳንትነት ቆየ። ዛሬ ባለቤቶቹ ሌሎች ናቸው። የቤተሰቡን ኑሮ ከውስጥ ልናውቅ የቻልነው ዊልያም ከ1861 እስከ 1896 የዕለት ማስታወሻ ስለያዘ ነው። የስም ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የአባታቸው ወይም የአያታቸው ስም በመዝገብ ጸንቶ የቤተሰብ ስም ሲሆን እያዩ ነው። በየትኛው ፊደል ይጻፍ፣ የማን ስም ይያዝ የሚለው ክርክር ተገቢ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ስሙ የማን እንደነበረ፣ ከየት ተነሥቶ ለምን እንደመጣ ለልጆቹ ጽፎ ማኖር ነው። መዝገብ ቤት የሚይዘው ስሙን ብቻ ነው፤ ታሪኩን የመጻፍ ዕዳ የቤተሰቡ ነው።