ከቤይሩት የተነሡት ሐኪምና የሴቶች ልጆች የአንጎል ሕመም

እ.ኤ.አ. በ1975 የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ሁዳ ዞግቢ በቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑ ነበር። ጦርነቱ ወደ አሜሪካ አሰደዳቸው፤ በሂውስተንም እ.ኤ.አ. በ1999 ቡድናቸው ሬት ለተባለው የአንጎል ሕመም መንሥኤ የሆነውን ዘረመል ለየ።

ሕመሙ በአብዛኛው ሴቶች ልጆችን ያጠቃል። በደህና ስታድግ የቆየች ሕፃን ንግግሯን ታጣለች፤ እጆቿንም ያለማቋረጥ ታፋትጋለች። ዘረመሉ የሚገኘው ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ሲኖራት በየሕዋሱ የሚሠራው አንዱ ብቻ በመሆኑ ከፊሉ የአንጎሏ ሕዋስ ጤነኛ ነው። ወንዱ ግን መተኪያ የለውም። በላቦራቶሪም ዘረመሉ የጠፋባቸው ወንድ አይጦች በሳምንታት ዕድሜ ሲታመሙ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ የጎደላቸው ሴቶች ወራት ይቆያሉ።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ በእናት ላይ ነው። ያለ አግባብ ነው፤ ጉድለቱ በአብዛኛው የወረደ ሳይሆን አዲስ የሚከሠት፣ ያውም ባመዛኙ ከአባት ወገን በሚመጣው ኤክስ ላይ የሚፈጠር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በስኮትላንድ የአድሪያን በርድ ቡድን ዘረመሉን መልሶ ሲያሠራ የታመሙት አይጦች አገገሙ፤ የነርቭ ሕዋሶቻቸው አልሞቱም ነበር። ሆኖም ይኸው ዘረመል ሲበዛም፣ በተለይ ወንዶችን፣ ያሳምማል። መድኃኒት ፈላጊዎቹን እስካሁን የሚያስቸግራቸው ይህ መጠን ነው።